በሌላ ሰው ቃል ስለ መብላት

ሰው ከሚያውቀው ነገር ሁሉ በራሱ መርምሮ ያገኘው እጅግ ጥቂቱ ነው። የቀረውን ያገኘው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ሕፃን እናቱ ያጐረሰችውን ሲውጥ መርዝ ይሁን መድኃኒት ብሎ አይጠይቅም፤ ተማሪ መምህሩ ስለ ሩቅ አገር የነገረውን ሲጽፍ እውነትነቱን ለማረጋገጥ ባሕር አይሻገርም፤ ባለጉዳይም ከጽሕፈት ቤት ሲወጣ የተነገረውን ይዞ ይሄዳል እንጂ ሕጉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያገላብጥም። እንዲህ ባይሆን ኖሮ የሰው ኑሮ ለአንድ ቀን እንኳ ባልጸና ነበር። ስለዚህ ሰው በሰው ቃል ማመኑ የድካም ምልክት አይደለም፤ የኅብረት ኑሮ መሠረት ነው።

ነገር ግን አማኝ ባለበት ታማኝ መኖር አለበት። ሰሚው በተናጋሪው ቃል የሚመራ ከሆነ፣ ተናጋሪው «ይህን አውቃለሁ» ባለ ጊዜ የሚገባው ዕዳ ምንድን ነው? ልቡ ቅን ከሆነ ይበቃዋልን? ወይስ ከቅንነት ሌላ የሚጠየቅበት ነገር አለ? ይህን ጥያቄ ከታላላቅ ነገር ተነሥቶ መመርመር ይቻላል። እኔ ግን ከእግራችን ሥር ከሚበቅል ከትንሽ ነገር፣ ከዱር እንጉዳይ ልነሣ እወዳለሁ። እንጉዳይ የማያዳላ ዳኛ ነውና፤ ሹመትን አይቶ አያልፍም፣ ዲፕሎማን አይቶ አይምርም፤ በውነት ያወቀውንና ያወቀ የመሰለውን ለይቶ ይፈርዳል።

የክረምቱ ዝናብ መሬቱን ካራሰው በኋላ በየሜዳው፣ በየጫካው ዳር፣ በበሰበሰ ግንድ ላይ እንጉዳይ ብቅ ይላል። ዛሬ የታየው ከጥቂት ቀን በኋላ ጠውልጎ ይጠፋል። ዓይናችን የሚያየው ይህ ባርኔጣ የመሰለው ነገር ፍሬው ብቻ ነው፤ ዋናው አካሉ እንደ ጥጥ ፈትል የቀጠነ ሆኖ በአፈር ወይም በእንጨት ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንትም እንጉዳይን ከአትክልት ወገን አይቈጥሩትም፤ ከእንስሳም ከአትክልትም ተለይቶ ራሱን የቻለ አንድ ታላቅ ወገን ነው። እንደ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን አይሠራም፤ ከበሰበሰ ነገር፣ ወይም ከዛፍ ሥር ጋራ ተወዳጅቶ ያገኛል እንጂ።

በደጋው አገራችን ብዙ ሰው ይህን ፍጥረት በጅምላ «የጅብ ጥላ» ብሎ ያልፈዋል። ስሙ ራሱ ፍርድ ነው፤ የጅብ የሆነ ነገር ለሰው አይሆንምና። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የማጃንግ ሕዝብ የሚበላውን እንጉዳይ ከማይበላው ለይቶ ለምግብ እንደሚያውል በአውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. የታተመ ጥናት መስክሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እንግዲህ አንዱ ወገን በአንድ ስም ጠቅልሎ የጣለውን፣ ሌላው ወገን በየስሙ እየጠራ ይለቅመዋል። ልዩነቱ የድፍረትና የፍርሃት አይደለም፤ የማወቅና ያለ ማወቅ ነው።

በአፍሪቃ ብዙ አገሮች ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ከምስጥ ኩይሳ የሚበቅለው ነው። ሊቃውንት ተርሚቶማይሲስ ይሉታል። ምስጦቹ ከመሬት በታች ባለው ቤታቸው ያኘኩትን እንጨትና ሣር እንደ ማሳ አዘጋጅተው ያለሙታል፣ ይመገቡታልም። ዝናብ በሚሆንበት ጊዜ ሥር የመሰለ ረጅም አገዳ ከምስጡ ቤት ተነሥቶ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ከዚሁ ወገን በዛምቢያ የሚገኘው ባርኔጣው እስከ አንድ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። የአገሩ ሰው ይህን እንጉዳይ የሚለየው በመልኩ ብቻ አይደለም፤ ኩይሳውን፣ ወራቱን፣ ወደ ታች የሚወርደውንም ሥር አንድ ላይ አይቶ ነው።

እውነተኛ ዕውቀት ሁሉ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ በአንድ ምልክት አይረካም። እንጉዳይ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ቦታውን ያያል፤ በሣር መካከል ነውን? ከየትኛው ዛፍ ሥር ነው? ከዚያም ባርኔጣውን ገልብጦ ከሥሩ ያሉትን ስስ ሽንሽኖች ይመለከታል፤ ቀለማቸው ምንድን ነው? ከአገዳው ጋራ ተጣብቀዋል ወይስ ተለይተዋል? በአገዳው ላይ ቀለበት አለን? ሲቈረጥ ቀለሙ ይለወጣልን? ሽታውስ? ቀጥሎም አፈሩን ጭሮ እስከ ሥሩ ያወጣዋል። ከመርዘኞቹ ዋነኛ የሆነው እንጉዳይ አንዱ ምልክቱ በአፈር ውስጥ የተቀበረ ከረጢት ነውና፣ አገዳውን ከላይ ቀንጥሶ የሄደ ሰው ምስክሩን መሬት ውስጥ ትቶት ሄደ ማለት ነው።

በመጨረሻም ባርኔጣውን ከአገዳው ለይቶ፣ ሽንሽኑን ወደ ታች አድርጎ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ያስቀምጠውና በብርጭቆ ከድኖ ያሳድረዋል። በማግሥቱ ከሽንሽኖቹ የረገፈው እንደ ዱቄት የላመ ዘር ቀለሙን በወረቀቱ ላይ ያሳያል። የሜዳው አጋሪከስ ዘር እንደ ቡና የጠቈረ ነው፤ የምስጡ እንጉዳይ ዘር ወደ ሮዝ ያደላል፤ መርዘኛው አማኒታ ነጭ ዘር አለው፤ በሞቃት አገሮች ሜዳ የሚበቅለውና ሆድን የሚያናውጠው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይቲስ ዘሩ አረንጓዴ ነው። ይህም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋራ ተደምሮ ነው የሚመሰክረው። አንድ ሌሊት መታገሥ ያልቻለ ሰው ግን ይህን ምስክር ሳይሰማ ይፈርዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን ከፈሰሰ በኋላ የሚለቀም የለም።

ይህን ድካም ለማምለጥ ሰዎች በየዘመኑ አጫጭር ሕጎች ሲሠሩ ኖረዋል። የብር ማንኪያ አብሮት ተቀቅሎ ካልጠቈረ እንጉዳዩ ደኅና ነው፤ ነጭ ሽንኩርት አብሮት በስሎ ቀለሙ ካልተለወጠ ይበላል፤ ቀንድ አውጣ የቀመሰው ለሰውም ይሆናል፤ ቀለሙ የደመቀው መርዝ ነው፣ የደበዘዘው ግን ጉዳት የለበትም፤ እሳት መርዙን ሁሉ ያጠፋዋል። እነዚህ ሁሉ ሐሰት መሆናቸው ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ በአውሮፓም በእስያም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። ስለ ምን? አጭር ሕግ ሰውን እያንዳንዱን ነገር ለይቶ ከማወቅ ሥራ ነጻ ያወጣዋልና ነው። ሁለት መቶ ዓይነት ከመለየት አንድ ማንኪያ መንከር ይቀላል። እንዲህ ያለው ሕግ ዕውቀት አይደለም፤ የዕውቀትን ልብስ የለበሰ ስንፍና ነው።

አሁን ወደ ዋናው ዳኛ እንምጣ። ሊቃውንት አማኒታ ፋሎይደስ የሚሉት፣ በእኛ ቋንቋ የሞት ቆብ ልንለው የምንችለው እንጉዳይ አለ። በዓለም ላይ በእንጉዳይ መርዝ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ የሚሞቱት በዚህ ነው። የትውልድ አገሩ አውሮፓ ሲሆን ከባሕር ማዶ ከተተከሉ ዛፎች ሥር ጋራ ወደ ሰሜን አሜሪካ፣ ወደ አውስትራልያና ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተሻግሯል። ባርኔጣው ወደ አረንጓዴና ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሽንሽኑ ነጭ ነው፤ ከሥሩ ከረጢት አለው። የበሉትና የተረፉት እንደ ተናገሩት ጣዕሙ መልካም ነው። መቀቀልም ሆነ ማድረቅ መርዙን አያጠፋውም፤ የአንዱ ባርኔጣ ግማሽ ብቻ አንድ ጐልማሳ ሰው ሊገድል ይችላል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የበላው ሰው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወይም ዐሥራ ሁለት ሰዓቶች፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ምንም አይሰማውም። ከዚያ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ይይዘዋል። ቀጥሎ ሕመሙ ቀለል ይላል፤ በሽተኛውም ቤተ ሰቡም «ተመስገን፣ አለፈ» ይላሉ። በዚያው ጊዜ ግን መርዙ በጉበቱ ውስጥ ሕዋሶቹ ፕሮቲን የሚሠሩበትን ትእዛዝ መቅዳት እንዳይችሉ አድርጓቸዋል፤ ጉበቱ በዝምታ እየሞተ ነው። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነገሩ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ሐኪሞች አንዳንዱን ሰው ለማዳን ጉበት እስከ መቀየር ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ስሕተቱ የተሠራው በምሳ ጊዜ ነው፤ ፍርዱ የተነገረው ከሌሊት በኋላ ነው። በመካከሉ ያሉት ምስክሮች ሁሉ፣ ምላስም፣ ሆድም፣ የቀለለው ሕመምም፣ በሐሰት መስክረዋል። ፍርዱ የሚዘገይበት ነገር ሁሉ እንዲህ ነው። በክፉ የተማረ ተማሪ ጉዳቱ የሚታየው መምህሩ ከተረሳ በኋላ ነው፤ ሳይጣራ «ተጣርቷል» ተብሎ የተፈረመበት ወረቀት የሚያደርሰው በደል የሚታወቀው ፈራሚው ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ በኋላ ነው። ስለዚህ «እስከ ዛሬ ምንም አልደረሰም» የሚለው ቃል የዕውቀት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

በ1767 ዓ.ም. በፓሪስ የሆነው ነገር ጥያቄያችንን በግልጥ ያሳያል። ዮሐን ሾበርት የሚባል በዘመኑ ስመ ጥር የሆነ የሙዚቃ ደራሲ ነበረ፤ ሞዛርትም በልጅነቱ ከዚህ ሰው ድርሰት ወስዶ ለራሱ ሥራ ተጠቅሞበታል። ሾበርት ከቤተ ሰቡና ከወዳጆቹ ጋራ ከከተማው ውጭ ሄዶ እንጉዳይ ለቀመ። ወደ ምግብ ቤት ወስዶ እንዲሠሩለት ቢጠይቅ የሚበላ አይደለም ብለው መለሱለት። ከጓደኞቹ መካከል የነበረው ሐኪም ግን ደኅና ነው፣ አውቀዋለሁ አለ። በመጨረሻ ወደ ቤት ወስደው ሠርተው በሉት። ሾበርትና ሚስቱ፣ ልጃቸውም፣ የቤት ሠራተኛዪቱም፣ አብረዋቸው ከበሉት ወዳጆች ጋራ ሞቱ። ሐኪሙም ከሟቾቹ አንዱ ነበር።

ይህ ሐኪም ክፉ ሰው ነበርን? አልነበረም። ከበላተኞቹ ጋራ ተቀምጦ መብላቱ ልቡ ቅን እንደ ነበረ ይመሰክርለታል። ውሸትም አልተናገረም፤ ያመነውን ነበር የተናገረው። እንዲያውም ከዚህ በላይ የቃሉን እውነትነት ሊያረጋግጥ የሚችል መሐላ የለም። ሆኖም በማዕዱ ዙሪያ ለነበሩት ሰዎች ቅንነቱ ምን ጠቀማቸው? እምቢ ያለው ወጥ ሠሪ ከሐኪሙ ይልቅ የተማረ አልነበረም፤ በዚያች ቀን ግን ከሁሉ የሚበልጥ ወዳጅ እርሱ ነበር።

እንግሊዛዊው ሊቅ ዊልያም ክሊፈርድ በ1877 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ይህን የመሰለ ነገር መርምሯል። አንድ የመርከብ ባለቤት መርከቡ እንዳረጀች ያውቃል፤ ማስመርመርና ማሳደስ ግን ወጪ ስለሚያስከትል ጥርጣሬውን ቀስ በቀስ ከልቡ አውጥቶ ደኅና ናት ብሎ ከልቡ ያምናል። መርከቢቱም ከነሰዎቿ ትሰጥማለች። ክሊፈርድ እንደሚለው ሰውየው ጥፋተኛ ነው፤ እምነቱ ሐሰት ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ያለ በቂ ማስረጃ ለማመን መብት ስላልነበረው ነው። መርከቢቱ በሰላም ብትደርስ እንኳ ጥፋቱ ያው ነው፤ አልተገለጠበትም እንጂ። በዚህ ሚዛን ብንመዝን፣ ያልመረመረውን እንጉዳይ ለልጆቹ ያበላና ልጆቹ በደኅና ያደሩለት አባት ንጹሕ አይደለም። ዕድለኛ ነው እንጂ አዋቂ አይደለም።

እንግዲህ መልሳችን ይህ ነው፤ ቅንነት ብቻውን አይበቃም። «አውቃለሁ» የሚል ሰው ስለ ልቡ ብቻ ሳይሆን ስለ ማስረጃውም ይጠየቃል። የሚናገረው ቃል በሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ይገባልና።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ነገሩ እንዲህ አስጊ ከሆነ ሁሉን መተው አይሻልምን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለምን? የደጋው ሰው ሁሉን «የጅብ ጥላ» ብሎ ማለፉ ጥበብ አይደለምን? ለራሱ ይህን ቢያደርግ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ጠቅልሎ የጣለም ሰው ያላወቀውን አውቃለሁ ማለቱን ልብ እንበል። «አላውቀውም፣ ስለዚህ አልበላውም» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «አይበላም» ማለት ሌላ ነው። የፊተኛው ስለ ራሱ ይናገራል፣ እውነትም ነው። የኋለኛው ስለ እንጉዳዩ ይናገራል፣ ሐሰትም ነው። ይህ ሐሰት ሰው አይገድልም፤ ነገር ግን የእህል ጎተራ በሚጐድልበት በክረምት ወራት ከደጅ የበቀለን ምግብ ያስጥላል፤ ከዚያም ይልቅ የሚያውቁትን ሰዎች ዕውቀት እንደ ኋላ ቀርነት ያስቈጥራል።

ደግሞም ሁሉን እጠራጠራለሁ የሚል ሰው መኖር አይችልም። የሚጠጣውን መድኃኒት፣ የሚሻገረውን ድልድይ፣ የሚያነበውን መጽሐፍ ሁሉ በሌላ ሰው ቃል የተቀበለው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ልመን ወይስ አልመን አይደለም፤ ማንን ልመን ነው።

የሚታመነውን ሰው በምን እንለየዋለን? አንዲት የጫካ አገር እናት ልጆቿን አስከትላ እንጉዳይ ስትለቅም እናስብ። አምስት ዓይነት ታውቃለች። ስድስተኛውን ልጅዋ አምጥቶ ቢያሳያት ታየዋለች፣ ታሸተዋለች፣ «ይህን አላውቀውም» ብላ ትጥለዋለች። ስድስተኛው ምናልባት መልካም ምግብ ሊሆን ይችላል፤ እርስዋ ግን ወሰንዋን አታልፍም። በሌላው ወገን የቀረበለትን ሁሉ ስም እየሰጠ፣ ለጥያቄ ሁሉ መልስ የማያጣ ሰው አለ። ከሁለቱ ቅርጫት ከየትኛው እንበላለን? መልሱ ግልጥ ነው። «አላውቅም» ማለት የሚችል ሰው ብቻ ነው «አውቃለሁ» ሲል የሚታመነው። የዕውቀት ክብሩ ስፋቱ ብቻ አይደለም፤ ድንበሩ የታወቀ መሆኑም ነው።

ድንበር ስንል የአገርንም ድንበር ማሰብ ይገባል። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ ካሊፎርኒያ የሄዱ ስደተኞች በአገራቸው ሲለቅሙት የኖሩት የገለባ እንጉዳይ የሚሉት አለ። በልጅነቱ ልክ እንደ ሞት ቆብ በከረጢት ውስጥ የተጠቀለለ እንቍላል ይመስላል። ዘሩ ግን ሮዝ ነው፤ የሞት ቆብ ዘር ነጭ ነው። ይህን ልዩነት በአገራቸው ማወቅ አላስፈለጋቸውም ነበር፤ በአዲሱ አገር ግን ብዙዎቹን ለሕመም፣ አንዳንዶቹንም ለሞት ዳረገ። በ2015 ዓ.ም. ወደ ጀርመን ከገቡት ስደተኞች ብዙዎች በዚሁ እንጉዳይ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል። በ2021 ዓ.ም. ከአፍጋኒስታን ወደ ፖላንድ ከተወሰዱት መካከል ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች ሞተዋል።

በካሊፎርኒያ የተሳሳቱት ሰዎች አላዋቂዎች አልነበሩም። በአገራቸው ዕውቀታቸው እውነተኛ ዕውቀት ነበር። ነገር ግን ዕውቀት እንደ ዛፍ ሥር አለው፤ ከበቀለበት ቦታ ሲነቀል ሳያስጠነቅቅ ወደ ሐሰት ሊለወጥ ይችላል። ይህ ነገር ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚኖሩት ወገኖቻችንም ይነገራል፤ በአገር ቤት የሚያውቁትን የመሰለ እንጉዳይ በባዕድ ጫካ ያዩ እንደሆነ፣ መምሰሉን እንደ መሆን አይቍጠሩት። ከአንዱ ጠቅላይ ግዛት ሥርዐት ተነሥቶ የሌላውን ሕዝብ ጉዳይ የሚቈርጥ ሹምም ይህን ምሳሌ ለራሱ ቢያደርገው አይጐዳም።

«አላውቅም» ማለት ግን የሥራ መጨረሻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባለጉዳይን «አላውቅም» ብሎ መመለስ ትሕትና አይደለም፤ ኀላፊነትን መሸሽ ነው። እውነተኛው «አላውቅም» ሁለተኛ ቃል ይከተለዋል፤ «ጠይቄ እነግርሃለሁ» የሚል። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው ተረት የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። መምህር በተማሪዎቹ ፊት «ይህን ነገ መርምሬ እመልስላችኋለሁ» ቢል ከክብሩ የሚጐድልበት የለም፤ በማግሥቱ መልሱን ይዞ ከመጣ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን የመማርን መንገድ አስተማራቸው።

በዚህ ነገር ተማሪዎቻችን የሚሠሩት ታላቅ ሥራ አለ። የማጃንግ ጫካ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል። ነገር ግን ዛፉ ተጠብቆ በዛፉ ሥር የሚበቅለውን የሚያውቁት ሽማግሎችና እናቶች ሳይጠየቁ ቢያልፉ፣ የተጠበቀው ግማሹ ብቻ ነው። ስሙን፣ ወራቱን፣ የሚበቅልበትን ዛፍ፣ የሚዘጋጅበትን ሁኔታ ከእነርሱ አፍ ሰምቶ መጻፍ፣ በቤተ ሙከራም ካለው ጥናት ጋራ ማስተያየት ይገባል። የተማረው ሰው ወደ እነርሱ ሲሄድ ሊያስተምር ብቻ ሳይሆን ሊማርም መሄድ አለበት፤ በዚያ ጫካ ውስጥ የሚበላውን የሚያጐርሰው የእነርሱ ቃል ነውና።

እስከዚያው ድረስ ለማናችንም የሚበጀው ደንብ ይህ ነው። በዚያው ቦታ ኖሮ ያንኑ ዓይነት በስሙ የሚያውቅ ሰው ያላረጋገጠውን የዱር እንጉዳይ አንብላ፤ ከመጽሐፍ ወይም ከሥዕል ጋራ መመሳሰሉ አያታልለን። በልቶ የታመመ ሰው ቢኖር ሕመሙ ቀለለ ብሎ በቤት መቀመጥ አይገባውም፤ የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ስለ ቃላችን ደግሞ፣ አንድ ሰው ቀርቦ «ይህ ይበላልን?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ፣ የተጠየቅነው ስለ እንጉዳይ ይሁን ስለ ሕግ፣ ስለ ታሪክ ይሁን ስለ ሰው ስም፣ ከመመለሳችን በፊት ይህ ሰው በእኔ ቃል ሊበላ ነው ብለን እናስብ። ይህን ያሰበ ሰው ቃሉ ያጥራል፤ ያጠረውም ቃሉ ይታመናል።